የአሳኮ ታካኩራን ዱካ ተከትሎ፦ ከኡዌኖ እስከ ጄ-ቪሌጅ

ማክሰኞ ማታ፦ ኡዌኖ

ቶኪዮ የሚገባ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ ማረፊያውን ሺንጁኩ ወይም ሺቡያ ያደርጋል። የጃፓን የሴቶች እግር ኳስ ብሔራዊ ቡድን የቀድሞ አሰልጣኝ አሳኮ ታካኩራ ያለፈችባቸውን ሜዳዎች ለሚከተለው ለዚህ ጉዞ ግን ኡዌኖን የሚያህል ሰፈር የለም። ወደ ፉኩሺማና ሰንዳይ የሚወጣው እጅግ ፈጣኑ ባቡር፣ የቶሆኩ ሺንካንሰን፣ እዚህ ይቆማል፤ ወደ እግር ኳስ ልምምድ ማዕከሉ ወደ ጄ-ቪሌጅ አቅጣጫ የሚሄደው ሂታቺ የተባለው ፈጣን ባቡርም እንዲሁ። ኡራዋ በተራ ባቡር 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ከናሪታ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሳው ስካይላይነር ደግሞ መጨረሻው ኡዌኖ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሴኡል ኢንቾን በኩል ናሪታ ስለሚገባ፣ ከአዲስ አበባ የሚነሳ ሰው ቶኪዮ ውስጥ ሻንጣ እየጎተተ ላይ ታች ማለት አያስፈልገውም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ቪዛውን ቀድሞ ማውጣት አለበት። ከማመልከቻው ጋር የቀን በቀን የጉዞ ዕቅድ ስለሚጠየቅ፣ የየዕለቱን ከተማና ማረፊያ ከወዲሁ መወሰን ግድ ይላል።

ታካኩራ በ1968 በፉኩሺማ ተወለደች (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በአማካይ ቦታ እየተሰለፈች ለጃፓን 79 ጊዜ ተጫውታለች። በ1991 እና በ1995 የዓለም ዋንጫ፣ በ1996 የአትላንታ ኦሊምፒክም ቡድኑ ውስጥ ነበረች። ጫማ ከሰቀለች በኋላ ታዳጊዎችን ይዛ በ2014 ኮስታሪካ ላይ ከ17 ዓመት በታች ዓለም ዋንጫን አነሳች። በ2016 የዋናው ብሔራዊ ቡድን የመጀመሪያዋ ሴት ዋና አሰልጣኝ ሆነች። በ2018 የእስያ ዋንጫንና የእስያ ጨዋታዎችን ወርቅ ወስዳ፣ ከቶኪዮ ኦሊምፒክ በኋላ በ2021 ተሰናበተች። የእስያ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንም የዓመቱ ምርጥ የሴቶች ቡድን አሰልጣኝ ብሎ በተደጋጋሚ ሸልሟታል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ስሟ ከኳስ ቤተሰብ ውጭ በ2011 የዓለም ዋንጫን እንዳነሳችው አምበል እንደ ሆማሬ ሳዋ ስም አይጠራም። ዝናዋን ለማየት ሐውልት መፈለግ አያዋጣም። እሷና ያሠለጠነቻቸው ልጆች ያደጉባቸው ሜዳዎች አሉ፤ ቡድኗ ያለ ተመልካች የተጫወተባቸው ስታዲየሞች አሉ፤ ጉዞው በእነዚህ መካከል ነው።

ስለ ወቅቱ አንድ ነገር እናስቀድም። በ2021 የተጀመረው የጃፓን ሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ፣ ደብልዩኢ ሊግ፣ ከኦገስት ወይም ከሴፕቴምበር ጀምሮ እስከ ሜይ ይጫወታል፤ በመሃል በጃንዋሪ አካባቢ ባለው ብርድ ረዘም ያለ ዕረፍት አለው። በጃንዋሪ ወይም በጁላይ የሄደ ሰው የሚያገኘው ባዶ ሜዳ ነው። ኦክቶበርና ኖቬምበር፣ ወይም ኤፕሪል ይመረጣል። ጨዋታዎቹ በአብዛኛው ቅዳሜና እሁድ ስለሆኑ ጉዞው ከሳምንቱ መጀመሪያ ተነስቶ በእነሱ ዙሪያ ይገነባል።

ረቡዕ፦ ፉኩሺማ

ትልቁን ሻንጣ ኡዌኖ ሆቴል አስቀምጦ ለአንድ ሌሊት የሚበቃ ቦርሳ ብቻ መያዝ ይሻላል፤ ዛሬ ማታ ማደሪያው ሰንዳይ ነው። ባቡሩ ያማቢኮ መሆን አለበት። ሃያቡሳ የተባለው የበለጠ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ፉኩሺማ ሳይቆም ያልፋል። "ፈጣኑ ይሻላል" ብሎ የተሳፈረ ሰው ራሱን ሰንዳይ ያገኘዋል። ከያማቢኮ ጋር አብሮ ተቀጥሎ የሚሄደው ጹባሳ ፉኩሺማ ላይ ተለይቶ ወደ ያማጋታ ይታጠፋል። ፉኩሺማ ለሚወርድ ሰው ችግር የለውም፤ ከፉኩሺማ ወደ ሰንዳይ የሚቀጥል ግን የተሳፈረበት ፉርጎ የየትኛው እንደሆነ ያጣራ። ከኡዌኖ ፉኩሺማ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ዋጋው ወደ 9 ሺህ የን ይጠጋል።

ይህ አንድ ሰዓት ተኩል ለታካኩራ ታሪክ ቁልፍ ነው። ፉኩሺማ ውስጥ ተማሪ ሳለች የምትጫወትበት ክለብ፣ ኤፍሲ ጂንናን፣ ቶኪዮ ነበር። የቶሆኩ ሺንካንሰን ሥራ የጀመረው በጁን 1982 ነው፤ ያኔም መነሻው ኡዌኖ ሳይሆን ኦሚያ ነበር። እስከ ማርች 1985 ድረስ ከፉኩሺማ ቶኪዮ የሚገባ ሰው ኦሚያ ወርዶ፣ ለሺንካንሰኑ ተሳፋሪዎች ተብሎ በተመደበ ሌላ ባቡር ኡዌኖ ይደርስ ነበር። ያኔ ለሴቶች ብሔራዊ ሊግ አልነበረም፤ ሊጉ የተመሠረተው በ1989 በስድስት ቡድኖች ነው። አንዲት ልጃገረድ ሊግ ለሌለው ስፖርት ይህን ያህል መንገድ ትመላለስ ነበር ማለት ነው። በኦክቶበር 1984፣ በ16 ዓመቷ፣ ቻይና ላይ ከጣሊያን ጋር በተደረገ ጨዋታ ለብሔራዊ ቡድኑ ተሰለፈች።

ፉኩሺማ ጣቢያ ደርሶ የእሷን ፎቶ በየግድግዳው የሚጠብቅ ሰው ይከፋዋል። በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ተጉዞ አዙማ ስፖርት ፓርክን ማየት ግን ይገባል፤ አውቶቡሱ ቶሎ ቶሎ ስለማይመጣ የመመለሻውን ሰዓት ሲወርዱ ወዲያው ከምልክቱ ላይ ፎቶ ማንሳት ነው። እዚህ ያለው የቤዝቦል ስታዲየም የቶኪዮ ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ውድድር የተካሄደበት ነው። ጁላይ 21 ቀን 2021 ጠዋት የጃፓን ሴቶች በሶፍትቦል አውስትራሊያን 8 ለ 1 አሸነፉ። በዚያው ዕለት ማታ የፉኩሺማዋ ልጅ ሳፖሮ ላይ ቡድኗን ይዛ ከካናዳ ጋር 1 ለ 1 ተለያየች። የትውልድ ከተማዋ ኦሊምፒክን ከፈተች፣ እሷ በሌላ ከተማ የራሷን ኦሊምፒክ ጀመረች፤ በኮቪድ ምክንያት በሁለቱም ቦታ ተመልካች አልነበረም።

ምሳን በተመለከተ፦ ፉኩሺማ የምትታወቀው በመጥበሻ ላይ ክብ ተደርጎ በሚደረደር ጊዮዛ ነው። ውስጡ ብዙውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ አለበት፤ የማይበላ ሰው ከማዘዙ በፊት ይጠይቅ። ሶባ "የጾም ነው" ተብሎ የሚበላበት ጊዜ አለ፤ መረቁ ግን ከደረቀ ዓሣ የተሠራ ነው። ከምሳ በኋላ ወደ ሰንዳይ በሺንካንሰን ግማሽ ሰዓት አይሞላም። በተራ ባቡር አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጃል፤ ዋጋው ግን ከግማሽ በታች ነው።

ሐሙስ፦ ሪፉ

ከሰንዳይ ወደ ሪፉ የሚሄደው ተራ ባቡር ሩብ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሚያጊ ስታዲየም ከሪፉ ጣቢያ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ መንገዱም ዳገት ይበዛበታል። ከሰንዳይ በቀጥታ የሚያደርሱት ልዩ አውቶቡሶች የሚሰማሩት ትልቅ ዝግጅት ሲኖር ብቻ ነው። በተራ ቀን ታክሲ ይዞ መሄድ፣ ሹፌሩንም ለመመለሻ ማስያዝ ነው። በእግር የሚሄድ 50 ደቂቃ ያስብ።

ወደ 49 ሺህ ሰው የሚይዘው ይህ ስታዲየም በጃፓን ወንዶች ታሪክ የሚታወሰው በሐዘን ነው፤ በ2002 የዓለም ዋንጫ በቱርክ 1 ለ 0 ተሸንፈው የወጡት እዚህ ነው። ለታካኩራ ግን የተለየ ትርጉም አለው። በቶኪዮ ኦሊምፒክ ቡድኗ አራት ጨዋታ አደረገ፤ ሁለቱን ሳፖሮ፣ አንዱን ሪፉ፣ የመጨረሻውን ሳይታማ። ሳፖሮ ያለችበት ሆካይዶና ሳይታማ ተመልካች ከለከሉ። ሪፉ ያለችበት ክፍለ አገር ሚያጊ ግን ለአንድ ጨዋታ እስከ 10 ሺህ ሰው ፈቀደች። ስለዚህ አገሯ ባዘጋጀችው ኦሊምፒክ ታካኩራ ከሜዳው ዳር ቆማ የሕዝብ ድምፅ የሰማችው እዚህ ብቻ ነው፤ ጁላይ 27፣ ከቺሊ ጋር።

ጨዋታው ውብ አልነበረም። ጃፓን ኳሱን ይዛ ትዞራለች እንጂ ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው አጣች። የቺሊ ኳስ አግዳሚውን መትታ ስትመለስ ሁሉም ነገር ሊያበቃ ነበር፤ በ77ኛው ደቂቃ ሚና ታናካ አስቆጠረችና ቡድኑ ወደ ሩብ ፍጻሜ አለፈ። የሴቶች ስፖርት ተወዳጅነት የሚገነባው በዚህ ዓይነት ምሽት ነው፤ ጨዋታው መጥፎ ሆኖ ጎሏ ስትገባ እርስ በርስ በሚተቃቀፍ ሕዝብ። ጃፓን በ2011 ይህን አይታዋለች። ጁላይ 17 ፍራንክፈርት ላይ አሜሪካን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፈው ዋንጫውን ካነሱ ከሳምንት በኋላ፣ ኮቤ ላይ አንድ የሊግ ጨዋታ ከ17 ሺህ በላይ ሰው አየው። በዚያው ሊግ ከዚያ በፊት አንድ ሺህ ሰው ከገባ ጥሩ ነበር። የቶኪዮ ኦሊምፒክ ያን ሙቀት ይመልሳል የሚል ተስፋ ብዙ ሰው ነበረው፤ ፕሮፌሽናል ሊጉም በሴፕቴምበር 2021 እንዲጀመር የታቀደው ከዚያ ጋር ተያይዞ ነው። ሙቀቱ ግን ባዶ ወንበር ላይ ፈሰሰ።

ማታ በሺንካንሰን ወደ ኡዌኖ። ከሰንዳይ ሃያቡሳን መያዝ ይቻላል፤ ሁሉም መቀመጫው በቁጥር የተያዘ ስለሆነ ትኬቱን ቀድሞ መግዛት ያስፈልጋል። ኡዌኖ የማይቆሙ ስላሉም ሰሌዳውን ማየት ነው።

ዓርብ፦ ኢናጊ

የታካኩራ የቀድሞ ክለብ ሜዳዎች ከዮሚዩሪ ላንድ መዝናኛ ፓርክ አጠገብ ናቸው፤ ይህን ስም የያዙ ግን ሁለት ጣቢያዎች አሉ። አንዱ በኬዮ መስመር ላይ ያለው ኬዮ-ዮሚዩሪ-ላንድ ነው፤ ሌላው በኦዳኪዩ መስመር ላይ ያለው ዮሚዩሪላንድ-ማኤ። በመካከላቸው ኮረብታ አለ። ለክለቡ፣ ለቬርዲ፣ ሜዳ የሚሆነው የመጀመሪያው ነው። ከሺንጁኩ በኬዮ መስመር ተሳፍሮ ቾፉ ላይ ወደ ተራው ባቡር መቀየር ያስፈልጋል፤ ፈጣኖቹ ጣቢያውን ዘለው ያልፋሉ። ከጣቢያው ወጥቶ በጎንዶላ መሄድ የመዝናኛ ፓርኩ ጎብኚዎች መንገድ ነው፤ ወደ ሜዳዎቹ በእግር ዳገቱን መውጣት ይቻላል።

ታካኩራ ከ1985 እስከ 1998 የተጫወተችበት ዮሚዩሪ ቤሌዛ፣ ዛሬ ኒፖን ቲቪ ቶኪዮ ቬርዲ ቤሌዛ የሚባለው፣ ቤቱ እዚህ ነው። ክለቡ ከ1990 እስከ 1993 አራት ጊዜ በተከታታይ ሊጉን ወሰደ። በ1991 የ12 ዓመቷ ሆማሬ ሳዋ በዋናው ቡድን ስትሰለፍ ታካኩራ የቡድኑ አካል ነበረች። የልምምድ ቀናት ለሕዝብ ክፍት መሆን አለመሆናቸውን ክለቡ በየሳምንቱ ያሳውቃል፤ ዝግ ከሆነ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ማየት ነውር ነው። ክፍት በሚሆንበት ቀንም የታክቲክ ልምምድን በቪዲዮ መቅረጽ አይፈቀድም።

ክፍት ቀን ካጋጠመ ዓይን የሚያርፍበት ነገር ማሟሟቂያው ላይ የሚሠሩት ቶሪካጎ ነው። ከሩቅ ሲታይ ጨዋታ ይመስላል። አምስት ተጫዋቾች በስምንት በስምንት ሜትር ካሬ ዙሪያ ይቆማሉ፣ ሌሎች ሁለት መሃል ገብተው ኳሱን ለመንጠቅ ይሮጣሉ፣ ውጭ ያለችው ቢበዛ ሁለት ጊዜ ነክታ ታቀብላለች። በየሰፈሩ ልጆች የሚያደርጉት ነው። ልዩነቱ ከእግር ሳይሆን ከትከሻ ይጀምራል፤ ጥሩዋ ተጫዋች ኳሱ ወደ እሷ መንገድ ሳይጀምር አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ታያለች፣ ዳሌዋን በግማሽ ከፍታ በራቀው እግሯ ትቀበላለች። ይበላሻል የሚባለውም እዚሁ ላይ ነው። ኳሱን ፊት ለፊት ተጋፍጣ በቀረበው እግር የተቀበለች ልጅ መመለሻዋ አንድ ብቻ ነው፣ ወደ መጣበት። መሃል ያሉት ሁለቱ ይህን ሲያዩ ያንን አንድ መስመር ዘግተው ይነጥቃሉ። ሁለተኛው ጥፋት ቆሞ መጠበቅ ነው፤ አቀባይዋ በተጋረደች ቁጥር ሁለቱ ጎረቤቶቿ ሁለት እርምጃ ተንቀሳቅሰው መስመር መክፈት አለባቸው። ካሬውን ወደ አሥር ሜትር ካሰፉት ለጀማሪ ይቀላል፣ ወደ ስድስት ካጠበቡት የብሔራዊ ቡድን ተጫዋችም ትሳሳታለች።

የታካኩራን ቡድኖች ያየ ሰው ይህን ልምምድ በትልቁ ሜዳ አይቶታል። በ2014 ኮስታሪካ ላይ ስፔንን በፍጻሜው 2 ለ 0 ያሸነፉት ልጆች ኳስ ይዘው የተጋጣሚን እግር የሚያደክሙ ነበሩ፤ ሂና ሱጊታ የውድድሩ ኮከብ ሆና የወርቅ ኳሱን ወሰደች፣ ከቤሌዛ ታዳጊ ቡድን ከሜኒና የወጣችው ዩዪ ሃሴጋዋ አብራት ነበረች። በ2016 ፓፑዋ ኒው ጊኒ ላይ ከ20 ዓመት በታች ሆነው በታካኩራ መሪነት ሦስተኛ ወጡ። እነዚሁ ልጆች ወደ ዋናው ቡድን ሲያድጉ አሰልጣኟም አብራቸው አደገች። እውነተኛው ዝናዋ ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሃሴጋዋ ማንችስተር ሲቲ መሃል ሜዳ ላይ ኳስ ስትቀበል እንግሊዛውያን የሚያደንቁት የትከሻ ምልከታ በዚህ ዳገት ላይ የተለመደ ነገር ነው።

ከስኬቱ ጎን ለጎን የሚነሳው ወቀሳ ደግሞ አለ። ከ2016 እስከ 2019 ብዙ ተጫዋች ሞከረች፤ ወደ ፈረንሳይ የሄደው ቡድን አብዛኛው የዓለም ዋንጫ አይቶ የማያውቅ ነበር። ውጤቱም ያንን ይመስላል፦ ከአርጀንቲና 0 ለ 0፣ ስኮትላንድን 2 ለ 1፣ በእንግሊዝ 2 ለ 0 ተሸንፎ፣ በጥሎ ማለፉ ሬን ላይ በኔዘርላንድስ 2 ለ 1። ያም የመጨረሻ ጎል በ90ኛው ደቂቃ በፍጹም ቅጣት ምት የገባ ነው። በዚያ ጨዋታ ጃፓን የተሻለ ተጫውታ ነበር፤ የጎደላት ጎል የሚያገባ እግር ነው። በሪፉ የታየው ችግር ሁለት ዓመት ቀድሞ ሬን ላይ ታይቷል።

ቅዳሜ፦ ሱይዶባሺና ኒሺጋኦካ

ጠዋት ለሙዚየም። አሮጌ የጉዞ መጽሐፎች የእግር ኳስ ሙዚየሙን ኦቻኖሚዙ አጠገብ፣ በቀድሞው የፌዴሬሽኑ ሕንፃ ያመለክታሉ፤ እሱ በ2023 ተዘግቷል። በምትኩ ብሉይንግ የተባለው ማዕከል በዲሴምበር 2023 ቶኪዮ ዶም ሲቲ ውስጥ ተከፍቷል። የሚወርዱበት ጣቢያ ሱይዶባሺ ነው። ሰዓት ተኩል ይበቃል።

ከዚያ የቶኤይ ሚታ መስመርን ከሱይዶባሺ ይዞ ሞቶሃሱኑማ መውረድ፤ መቀየር የለም። ከጣቢያው አሥር ደቂቃ ገደማ በእግር አጂኖሞቶ ፊልድ ኒሺጋኦካ ይገኛል። የቤሌዛ ሜዳ ይህ ነው። ሰባት ሺህ ሰው ገደማ ብቻ የሚይዝ፣ የመሮጫ መም የሌለው፣ ከመጀመሪያው ረድፍ የተጫዋቾቹ ንግግር የሚሰማበት ሜዳ ነው። የሴቶች ኳስን ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ ቶኪዮ ውስጥ ማግኘት ይከብዳል፤ 50 ሺህ መቀመጫ ባለው ስታዲየም ውስጥ ሁለት ሺህ ሰው ብርድ ብርድ ይላል፣ እዚህ ግን ያው ሁለት ሺህ ሰው ሜዳውን ይሞላዋል።

ትኬት በኢንተርኔት ለመግዛት የጃፓን ስልክ ቁጥር የሚጠየቅበት ጊዜ ስላለ ብዙ የውጭ አገር ሰው እዚያ ላይ ይቆማል። ትልቅ ጨዋታ ካልሆነ በስተቀር በዕለቱ በር ላይ ይገኛል፤ 2 ሺህ የን አካባቢ ነው። ከጨዋታው አንድ ሰዓት ተኩል ቀድሞ መድረስ ይበቃል። ዝናብ ከጣለ በመቀመጫው ላይ ጃንጥላ መዘርጋት አይፈቀድም፤ የዝናብ ልብስ መያዝ ነው። ከበሮና ባንዲራ ያላቸው ደጋፊዎች ከጎል ጀርባ ይሰበሰባሉ። ማየት ብቻ የሚፈልግ ከመካከለኛው መስመር ትይዩ ይቀመጥ። ቆሻሻን ለይቶ ወደ መጣያው መውሰድ የተመልካቹ ድርሻ ነው።

የተመልካቹን ቁጥር ግቢው ውስጥ ያስታውቃሉ። የሊጉ መሥራቾች በአማካይ 5 ሺህ ተመልካች ግብ አድርገው ተነሱ፤ የመጀመሪያው ዓመት ከዚያ ግማሹን እንኳ አልደረሰም። ምክንያቱ የጨዋታው ጥራት አይደለም። ከ2021 በኋላ ምርጦቹ ወደ እንግሊዝና አሜሪካ እየወጡ ሄዱ፤ ደጋፊ ስሙን የለመደው ተጫዋች በየዓመቱ ይነጠቃል። ክለቦቹ ቢያንስ 15 ተጫዋች በፕሮፌሽናል ውል እንዲይዙ ስለሚገደዱም ወጪው ከገቢው ይቀድማል። በዚህ በኩል ታካኩራ በተጫዋችነት ያለፈችበት ዘመን የባሰ ነበር፦ በ1990ዎቹ ትልልቅ ኩባንያዎች ገንዘብ አፍስሰው የውጭ ኮከቦችን አስመጡ፣ ኢኮኖሚው ሲወድቅ ጥለው ወጡ። ኒኮ ሴኩሪቲስ ሦስት ዓመት በተከታታይ ሻምፒዮን ሆኖ ከ1998 በኋላ ቡድኑን በተነ። እሷ በ1999 ወደ ስፔራንዛ ታካጹኪ ስትዛወር ሊጉ ራሱ ይተርፍ አይተርፍ አይታወቅም ነበር።

እሁድ፦ ሳይታማ

ከኡዌኖ በያማኖቴ መስመር ኮማጎሜ፣ ከዚያ በናምቦኩ መስመር ወደ ኡራዋ-ሚሶኖ። የባቡሩን መድረሻ ማንበብ ያስፈልጋል፤ አካባኔ-ኢዋቡቺ ወይም ሃቶጋያ ላይ የሚያበቁ አሉ። ከመጨረሻው ጣቢያ እስከ ሳይታማ ስታዲየም ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለ፤ 15 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል።

63,700 መቀመጫ። ጁላይ 30 ቀን 2021 ማታ ሁሉም ባዶ ነበር። ስዊድን በሰባተኛው ደቂቃ በኤሪክሰን አገባች፣ ታናካ በ23ኛው አቻ አደረገች፣ ከዕረፍት በኋላ ብላክስቴኒየስና አስላኒ ጨመሩ፤ 3 ለ 1። ሁለተኛው ጎል የገባበት ዕረፍት ማግስት ያለው ሩብ ሰዓት ጃፓን የተሸነፈችበት ነው፤ ስዊድኖች በመስመር በኩል ኳሱን እየነጠቁ በረጅሙ ወደ ሳጥኑ ያሻግሩ ጀመር፣ አጫጭሮቹ የጃፓን ተከላካዮች በአየር ኳስና በትከሻ ግፊያ ተሸነፉ። ታካኩራ ይህን ፊት ለፊት ታውቀዋለች፤ በ1991 የመጀመሪያው የሴቶች የዓለም ዋንጫ ጃፓን በስዊድን 8 ለ 0 ስትሸነፍ የቡድኑ አባል ነበረች። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ልዩነቱ ከስምንት ወደ ሁለት መጥበቡን ያን ማታ ለመናገር የደፈረ አልነበረም። ውሏ አልታደሰም፤ ፉቶሺ ኢኬዳ ተተካ።

ስታዲየሙን በጨዋታ ቀን ካልሆነ ውስጡን ማየት በተመደበ የጉብኝት ፕሮግራም ነው፤ ዙሪያው ግን ክፍት ነው። ከዚህ በአውቶቡስ ወደ ኡራዋ ጣቢያ መሻገር ይቻላል። የኡራዋ ሬድስ ሴቶች የሚጫወቱት ኮማባ ላይ ነው፣ ከጣቢያው በእግር 25 ደቂቃ ገደማ። ቡድኑ በ2023 እና በ2024 ሊጉን ወስዷል፤ ደጋፊውም ከወንዶቹ ቡድን የወረሰው ጩኸት አለው። ቅዳሜን በኒሺጋኦካ ላሳለፈ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይታያል፤ እዚያ ኳስ ሲቀባበሉ ጭብጨባ ይሰማል፣ እዚህ ግን ግጥሚያ ሲሸነፉ ቁጣ።

ሰኞ፦ ጄ-ቪሌጅ

የሂታቺ ባቡር በቁጥር ያልተመደበ መቀመጫ የለውም። ከእያንዳንዱ ወንበር በላይ ትንሽ መብራት አለ፤ ቀይ ከሆነ መቀመጫው አልተሸጠም፣ አረንጓዴ ከሆነ ተሽጧል፣ ቢጫ ከሆነ ባለቤቱ በቅርብ ጣቢያ ይገባል። ቁጥር ያልመረጠ ሰው ቀይ ሥር ተቀምጦ ወደ ቢጫ ሲቀየር ተነስቶ ሌላ ይፈልጋል። ከኡዌኖ ኢዋኪ ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው፤ ከዚያ በተራው የጆባን ባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ተጉዞ በ2019 በተከፈተው ጄ-ቪሌጅ ጣቢያ መውረድ። ተራው ባቡር በሰዓት አንድ ቢሆን ነው፤ የመመለሻውን ሰዓት ሳያውቁ መውረድ አይመከርም።

ታካኩራ የፉኩሺማ ልጅ ስለሆነች ይህ ሜዳ ያለ ምክንያት አልተመረጠም። በ1997 የተከፈተ ብሔራዊ የልምምድ ማዕከል ነው፤ ከፉኩሺማ ዳይ-ኢቺ የኑክሌር ማመንጫ 20 ኪሎ ሜትር ይርቃል። በማርች 2011 በማመንጫው ላይ ከደረሰው አደጋ በኋላ ሣሩ የመኪና ማቆሚያ ሆነ፣ ስታዲየሙ ውስጥ የሠራተኞች ማደሪያ ተተከለ፣ ከዚህም ሠራተኞች ወደ ማመንጫው ይመላለሱ ነበር። እዚህ ይለማመድ የነበረው የኤሌክትሪክ ኩባንያው የሴቶች ቡድን፣ ማሪዜ፣ ፈረሰ፤ ተጫዋቾቹን ሰንዳይ የተቋቋመ አዲስ ቡድን ተቀበላቸው። በዚያው ዓመት በዓለም ዋንጫው ሩብ ፍጻሜ ጀርመንን የጣለችውን ጎል ያገባችው ካሪና ማሩያማ በአንድ ወቅት የማሪዜ ተጫዋችና የኩባንያው ሠራተኛ ነበረች። ማዕከሉ በ2018 በከፊል፣ በኤፕሪል 2019 ሙሉ በሙሉ ተከፈተ፤ በማርች 25 ቀን 2021 የኦሊምፒክ ችቦ ከዚህ ሲነሳ የመጀመሪያዎቹ ሯጮች የ2011 ሻምፒዮኖች ነበሩ።

ሜዳዎቹን ከእግረኛ መንገዱ ማየት ይቻላል፤ የምግብ ቤቱ ምሳ ለማንም ክፍት ነው። ሰኞ ማለዳ የሚሠለጥን ቡድን ላይኖር ይችላል፤ የቅዳሜና እሁድ የታዳጊዎች ውድድር ግን ብዙ ነው። ልጃገረዶችን ማየት የሚፈልግ ሰው ይህን ቀን ከኡራዋው ጋር ቢያለዋውጠው ይሻላል።

ስለ ወጪው፦ የሰባት ቀን የጃፓን ባቡር ፓስ ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ 50,000 የን ሆኗል። ፉኩሺማ፣ ሰንዳይና ጄ-ቪሌጅ በተናጠል ትኬት ሲደመሩ 37 ሺህ የን ገደማ ስለሚሆኑ ለዚህ ጉዞ ፓስ መግዛት ኪሳራ ነው። የሚያዋጣው ናጋኖ ሲጨመር ነው፤ ደርሶ መልስ ወደ 16 ሺህ የን። ናጋኖ የሚያስሄድ ምክንያትም አለ። የታካኩራ የቤሌዛ ጓደኛ የነበረችው ሚዶሪ ሆንዳ፣ በ2007 ከፍተኛውን የጃፓን የአሰልጣኝነት ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት፣ ናጋኖ ፓርሴይሮን ወደ አንደኛው ሊግ አሳድጋ በ2016 ሦስተኛ አድርጋዋለች፤ ያኔም የከተማው ሰው ስታዲየሙን ከሊጉ ክለቦች ሁሉ በተሻለ ይሞላው ነበር። ከዚያ ወጥታ የኡዝቤኪስታንን ብሔራዊ ቡድን አሠልጥናለች። ከናጋኖ ጣቢያ ወደ ዩ ስታዲየም ሺኖኖይ ድረስ በባቡር፣ ከዚያ በጨዋታ ቀን በሚመደበው አውቶቡስ ይኬዳል።